እርፉን የሚይዝ ሲጠፋ

ጥቅምት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለወንድሜ ልጅ ለየዓለምዘርፍ
ኮምቦልቻ

የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ፤ እመቤታችን በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ ባለቤቴ በለጥሻቸውና ልጆቹ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። አባትሽ ካረፈ ጀምሮ በእኔ ቤት ያደግሽ ነሽና የምጽፍልሽ እንደ ልጄ ነው። ስለዚህ ነገሬን ሳላዞር እነግርሻለሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነበር። ገብሱ ታጭዷል፤ ስንዴውም ቆሟል። የጎደለን አጫጅ ነው። የዓምናዎቹ ምልምሎች ከዘመቱ ወዲህ ደቦ ቢጠራ የሚመጣው ወይ እንደ እኔ ጉልበቱ የከዳው ነው፣ ወይ ገና ጢም ያላበቀለ ነው። ጎረቤታችንን ወርቂቱን ታስታውሻታለሽ። ሁለቱም ወንዶች ልጆቿ ሄደዋል። ዘንድሮ ማሳዋን ያጨዱላት ሽማግሌው አባቷ ናቸው፤ አጭደውም ተኙ፣ እስካሁን አልተነሡም።

ልጃችን ውበቱ በሚያዝያ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አካሉ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቆ፣ «ልጅዎ አድጓል፤ እግዚአብሔር ያሳድገው» አለኝ። ምርቃት አልነበረም።

የፋብሪካ ሠራተኛ ለውትድርና አይጠራም ሲሉ ሰማሁ። አንቺ እዚያ ከገባሽ ቆይተሻል፤ ቃልሽም ይሰማል ብዬ አምናለሁ። ውበቱን አስቀጥሪልኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፤ ጥጥ መሸከምም ቢሆን ይሸከማል። እሺ ካሉሽ በአቀስታ በኩል በሚያልፍ መኪና እሰድደዋለሁ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ነጋዴው አምባቸው ነው። በፖስታ የሚሄደውን ብዙ ዓይን ያየዋል። ሁነኛውን ነገር በእሱ እጅ ላኪ፤ በፖስታ ስትጽፊ ግን ቃልሽን ምረጪ። ለበለጥሻቸው የጉልበት ቅባት ካገኘሽ አትርሺ።

በጸሎት የማስብሽ አጎትሽ
ቄስ መልአኩ


ኅዳር 25 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለተከበሩ አጎቴ ለቄስ መልአኩ

መስቀልዎን እሳለማለሁ፤ ቡራኬዎ ከደጄ አይጥፋ። እኔ ከጥጡ ብናኝ ሳል በቀር ደኅና ነኝ። እማማ በለጥሻቸውን ጉልበቷን ስሙልኝ፤ ቅባቱን በአምባቸው እጅ ልኬያለሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ከፈረቃዬ እንደወጣሁ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ሄድሁ። ኃላፊውን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ወንድም አለኝ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ» አልሁት።

«ዕድሜው?»

«አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና በሩን አየ። «እኅቴ፣ ይህን አልነገርሽኝም፤ እኔም አልሰማሁም። ወንድ የምቀጥረው ወይ ግዳጁን ፈጽሞ የመጣ፣ ወይ ሠላሳ ያለፈው ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ያለውን ከመዘገብሁ ስሙን ማስተላለፍ አለብኝ። ሴት ከሆነች ግን ነገውኑ አምጫት።»

ስለዚህ አጎቴ፣ ውበቱን ወደዚህ መላክ በገዛ እጅ ማስረከብ ነው። በሩ ላይ የወንዶቹን ወረቀት የሚያዩት ሲገቡም ሲወጡም ነው።

እኔ ስቀጠር ማሽኑ ፊት የሚቆሙት ወንዶች ነበሩ። እኛ ወለል እንጠርጋለን፣ የወደቀ ጥጥ እንለቅማለን። በመጀመሪያው የምልመላ ዙር ጥቂቶች ሄዱ፤ በሁለተኛው ተርታ ተርታውን ባዶ ሆነ። አሁን በእኔ ፈረቃ ከዳር እስከ ዳር የሚታየው ሻሽ ነው። ያለው ወንድ ጋሽ ክንፈ ብቻ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ተቀምጦ የነበረ መካኒክ ነው፤ ልጅ እግር መካኒኮቹ ሲዘምቱ ከቤቱ ጠሩት። መፍቻ እያስያዘ ማሽን መፍታት የሚያስተምረን እኛን ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ፈትቼ ስገጥም ቆሞ አየኝና፣ «እኛ በጉልበታችን ዘመን ሴት ይህን ከነካች አባርረን እንቆልፍ ነበር» አለኝ። ሁለተኛው ልጁ በዚያው ሳምንት ነበር የተጠራው።

ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልበል። እኅቴን አልታየችን ላኩልኝ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች። እጮኛዋ ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም፤ ደጅ ደጅ እያየች ከምትቀመጥ እኔ ጋ ትኑር። ቦታ አለ። የሚፈልጉትም እንደሷ ያለችውን ነው።

ታዛዥዎ
የዓለምዘርፍ


የካቲት 18 ቀን 1980 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለየዓለምዘርፍ

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ። የላክሽው ቅባት ደርሷል፤ በለጥሻቸው መርቃሻለች።

ለመመለስ የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። በጻፍሽው ነገር ቅር ብሎኝ እንደ ነበርም አልደብቅሽም። ወንዱን ጠይቄሽ ሴቲቱን ጠራሽ። የካህን ልጅ ከማታውቀው ሰው ጋር ሌሊቱን በፈረቃ ስታነጋ እኔ እዚህ ቆሜ ምን ብዬ እቀድሳለሁ? አንቺ ሳትጠይቂኝ ሄድሽ፤ በዚያ ጸጥ ብያለሁ። አልታየች የተቆረጠ ቀን ባይኖራትም የተሰጠ ቃል አላት። ይህን ነገር ዳግመኛ አታንሺብኝ።

ውበቱ ዳዊት ሊማር ወደ ቆላ ወርዷል። ትምህርቱ ረጅም ስለሆነ የሚመለስበት ጊዜ አይታወቅም። ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንዲህ በዪ።

ጠንካራ ጫማ፣ ለድንጋያማ መንገድ የሚሆን፣ ብታገኚ ላኪልኝ። ቁጥሩ ከእኔ እግር ከፍ ይበል። የወባ ክኒንም ብትጨምሪበት መልካም ነው። ባለፈው የላክሽለት ሹራብ ለጊዜው አያስፈልግም።

ቄስ መልአኩ


መጋቢት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለተከበሩ አጎቴ

ጾሙ ጉልበትዎን እንዳይጎዳው እየሰጋሁ፣ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ጫማውንና ክኒኑን አምባቸው ይዞታል። ይህ ደብዳቤም በእሱ እጅ ስለሆነ በግልጽ እጽፋለሁ።

ውበቱ ዳዊት ለመማር እንዳልወረደ ገብቶኛል። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ተደብቋል። በወባ አገር ሹራብ አያስፈልግም። ልቤ ፈርቷል፣ አጎቴ። ከዚህ ማሽን ክፍል የወጡትን ልጆች ስም እቆጥርና እሱን ከነሱ ጋር ላለመቁጠር እታገላለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። የበልጉ ዝናብ ጥሏል ይላል አምባቸው። እርሻውን ማን ይዞታል? እርስዎ ወገብዎን ከታመሙ ወዲህ እስከ ቀትር እንኳ ከበሬ ኋላ መቆም እንደማይችሉ አውቃለሁ። በደብዳቤዎ ስለ ቅባት፣ ስለ ጫማ ጽፈውልኛል። ስለ እርሻው አንድ ቃል የለም።

ስለ አልታየች አታንሺ ብለውኛል፤ አላነሣም። ኃላፊው ግን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ አንድ ቦታ እንደሚጠብቅልኝ ነግሮኛል። ይህን ማወቅዎ አይከፋም።

የዓለምዘርፍ


ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለእትዬ የዓለምዘርፍ

እንዴት ነሽ? ደኅና ነሽ? እኔ አልታየች ነኝ። አባባ የማይጽፉልሽ ስለታሰሩ ነው። ከግንቦት ልደታ በኋላ የማኅበሩ ዘበኞች መጥተው፣ «ልጅዎን ያምጡ፤ ካላመጡ እርስዎ ይቀመጡ» አሏቸው። አባባ ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ዳዊታቸውን ያዙ፣ ሄዱ። እማማ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን፣ «በሬዎቹ ውኃ አልጠጡም» ብለው ብቻ ወጡ።

እንደ እሳቸው ስምንት አባቶች የማኅበሩ ጎተራ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጁን ያስረከበ ይፈታል። ምግብ እናደርሳለን፤ ዘበኛው እንጀራውን ገልጦ አይቶ ያስገባዋል።

በሳምንቱ ሊቀ መንበሩ አካሉ ቤታችን መጣ። «አራሽ የሌለው ቤት መሬት ለሚያርስ ይሰጣል። ክረምት ሳይገባ ያልታረሰውን እንደለድላለን» አለን። እማማ፣ «እናርሳለን» አለችው። «ማን?» አላት።

በማግስቱ በሬዎቹን ጠመድሁ። እማማ አልከለከለችኝም፤ እሺም አላለችኝም። ቀንበሩን ስጭን ነጠላዋን አጣፍታ ማሳው ዳር ተቀመጠች፣ ልቅሶ ቤት እንደምትቀመጠው። እርፉን ስይዘው ማረሻው ወይ ይዘላል፣ ወይ ይሰምጣል። በሬዎቹም ድምፄን አያውቁትም። የመጀመሪያው ትልም ከማሳው ወጥቶ ወደ መንገድ ሄደ። መንገደኞች ቆመው ሳቁ። አንዷ ሴትዮ ግን አልሳቀችም፤ «ዝናቡን ልታስቆሚብን ነው?» ብላ በጭቃ ወረወረችኝ።

ያን ጊዜ ወርቂቱ መጣች። ከበሬዎቹ ፊት ሄዳ ጠፍሩን ይዛ ትመራቸው ጀመር። «አብሽሪ፣ እርፉን አትጫኚው፤ ያዝ አድርጊው ብቻ» አለችኝ። ልጆቿ ሲያርሱ ቆማ ታይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የሷን እናርሳለን። መዳፌ ተላጠ፤ አሁን ደርቋል። ዝናቡም አልቆመም።

አባባ ይህን አያውቁም። እንዳትነግሪያቸው።

ሌላው፣ ውበቱ ከበረሃው ወጥቷል ይላሉ። ታሞ ነበር አሉ። የት እንዳለ አናውቅም፤ የአባባን መታሰር ይስማ አይስማ አናውቅም። እኔ ይስማ አልልም፣ አይስማም አልልም። እትዬ፣ የሚባል ነገር ጠፍቶኛል።

እኅትሽ
አልታየች


ሐምሌ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለእኅቴ ለአልታየች

የላጠሽን እርፍ እግዚአብሔር ለእጅሽ ያለስልስልሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደግሜ አነበብሁት።

ውበቱ እኔ ቤት ነው።

ሰኞ ከፈረቃ ስመለስ የግቢው በር ላይ ተደግፎ አገኘሁት። አላወቅሁትም። ጉንጩ ገብቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ የላክሁት ጫማ በእግሩ ነው። ለአከራዬ ከኩታበር ለሕክምና የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው አልኋት። «ኸይር ያድርገው» ብላ ወተት አመጣችለት። መታወቂያ አልጠየቀችም፤ ቀበሌው ግን አንድ ቀን ይጠይቃል።

እኔ ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ እቆልፍበታለሁ። ትኩሳቱ ለቆታል፤ መብላት ጀምሯል። ትናንት ቀና ብሎ፣ «አባባ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ደኅና ናቸው» አልሁት።

«እርሻውስ?»

«እየታረሰ ነው።»

«በማን?»

ሽሮው እንዳይገነፍል ብዬ ወጣሁ። ሽሮ ግን አልጣድሁም ነበር።

አልታየች፣ አላወቀም። ቢያውቅ በዚያው ቀን እንደሚሄድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ካልነገርሁት አጎቴ በዚያ ዕድሜያቸው ክረምቱን እርጥብ ጎተራ ውስጥ ሊያሳልፉ ነው። ይህን ብቻዬን መወሰን አልችልም። አጎቴን ጠይቂልኝ። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

የዓለምዘርፍ


ሐምሌ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምዘርፍ

ሰላም ላንቺና ከአንቺ ጋር ላለው ይሁን። ከዘበኛው ዓይን አምልጦ በእንጀራ መካከል በገባ ቁራጭ ወረቀት ስለምጽፍ አጭር ነው።

አትንገሪው። ይህ ምክር አይደለም። አባት ሆኜ ያሳደግሁሽ እኔ አዝዝሻለሁ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ጎተራውም ቢሆን ጣራ አለው፤ ዳዊቴ ከእኔ ጋር ነው። እሱ ገና ምንም አላየም። ቢጠይቅሽ ደኅና ነኝ በዪው።

በለጥሻቸው ማሳው እየታረሰ ነው ትለኛለች። በማን ብላት «ሰው አገኘን» ትለኛለች። የትኛው ሰው እንደተረፈ ግን ልገምት አልቻልሁም።

መልአኩ


ነሐሴ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለተከበሩ አጎቴ ለቄስ መልአኩ

ይህን ደብዳቤ በቡራኬዎ ለመጀመር ድፍረት አጣሁ። እጅዎን ግን እስማለሁ፤ ቢነሡኝም እስማለሁ።

ነገርሁት።

ትእዛዝዎ ደርሶኝ ነበር። እንዳሉት አደርጋለሁ ብዬ ብዙ ቀን ዋልሁ አደርሁ። በሩን ስቆልፍበት ግን የቁልፉ ድምፅ ያስፈራኝ ጀመር። ጎተራው ውስጥ በእርስዎ ላይ ተቆልፏል፤ እኔ ቤት ውስጥ በእሱ ላይ ተቆልፏል፤ ቁልፍ የያዝሁት እኔ ሆንሁ። ፋብሪካ ውስጥ ጋሽ ክንፈ ማሽን እየፈታ፣ «ልጄ ከመሄዱ በፊት ሁሉንም ነገር ደብቄው ነበር። የእናቱን ሕመም እንኳ አልነገርሁትም። አሁን ቢመጣ ምን ብዬ ልንገረው?» አለኝ። እናቱ በሰኔ ሞተዋል።

ማታ እራት አቅርቤለት ተቀመጥሁ። «አጎቴ ታስረዋል፤ በአንተ ምክንያት» አልሁት። በዚህ ቃል ነው የነገርሁት፤ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ጉርሻውን አስቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከግንቦት።»

«እርሻውን ማን አረሰው?»

«አልታየች።» ይህን ለእርስዎ እንዳልነግር ለምናኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን የምደብቀው የለኝም።

ያለቅሳል ብዬ ነበር፤ አላለቀሰም። «እሷ እርፍ ይዛ፣ አባባ ታስረው፣ እኔ እዚህ ወተት እጠጣለሁ» አለ። ከዚያ፣ «አባባ እንዳትነግሪኝ አላሉሽም?» አለኝ።

«ብለውኛል።»

«እንግዲያው ለምን ነገርሽኝ?»

«የአንተ ነገር ስለሆነ» አልሁት። «ብትሄድም ብትቀርም አንተ ወስነህ ይሁን እንጂ እኛ በሩን ዘግተንብህ አይሁን። ብትቀር እደብቅሃለሁ። እስከቻልሁት ድረስ እደብቅሃለሁ።»

ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተላጨ፣ ሸሚዙን አጥቦ ለበሰ፤ ደሴ ድረስ ሸኘሁት። መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ሴት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሰው ዘወር ብሎ የሚያየው ወጣት ወንድ እሱ ነበር። «እዚህ ራሴን ካስረከብሁ አባባን የሚፈታቸው የለም። መካነ ሰላም ሄጄ አካሉ እጅ ላይ ነው የምቆመው» አለኝ። መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጁን አወጣ፤ እኔ ግን እጄን ማንሣት አቃተኝ።

አጎቴ፣ ለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም። ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ ይህን ብቻ ጻፉልኝ።

የዓለምዘርፍ


ጥቅምት 9 ቀን 1981 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ዘመኑን አሻገረዎ። በአምባቸው ልኬ መልስ አላገኘሁም፤ ይህን በፖስታ እሞክራለሁ።

የእንግዳው ዕቃ ደርሷል? እርስዎስ ከጉዞዎ ተመልሰዋል? ሌላ የምጠይቅዎ የለም። መቆጣትዎን አውቃለሁ፤ ተቆጥተውም ቢሆን አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

የዓለምዘርፍ


ታኅሣሥ 8 ቀን 1981 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለየዓለምዘርፍ፣ ለልጄ

ከታኅሣሥ ብርድ ይሰውርሽ፤ የፈትሉ አቧራ ደረትሽን አይንካው። ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም የደረሱኝ ከጎተራው ወጥቼ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ለሁለተኛው ብዕር አንሥቼ ነበር፤ የመጣልኝ ቃል ሁሉ ክፉ ስለሆነብኝ አስቀመጥሁት።

ውበቱ ደርሷል። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት የጎተራው በር ሲከፈት በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። «ለምን መጣህ?» አልሁት። «አባባ፣ ይውጡ። እርስዎ ካልወጡ እኔ አልገባም» አለኝ። አካሉ ከኋላው ቆሟል፤ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። ስንተላለፍ ልጄ ጉልበቴን ሳመና፣ «እትዬ የዓለምዘርፍን አይቆጧት። እሷ ባትነግረኝ ቆይቼ እሰማው ነበር፤ ያን ጊዜ ለማንም አይጠቅምም ነበር» አለኝ። በዚያው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር በመኪና ወሰዷቸው። ከማሠልጠኛው አንድ ቃል ደርሶናል፤ ከዚያ ወዲህ የለም። ወደ ሰሜን ሄደዋል ይላሉ።

ተቆጥቼሻለሁ። አሁንም አልበረደልኝም። ትእዛዜን ጥሰሻል። ሌሊት ስነቃ ግን የእሱን ቃል እሰማዋለሁና፣ ቁጣዬን የምጥልበት ቦታ እያጣሁ ነው።

ቤት ስገባ ስንዴው ቆሞ አገኘሁት። ትልሙ በአንድ በኩል ጠማማ ነው፣ ወደ መሐል እየተቃና ሄዶ በስተግራ እኔ ካረስሁት ይሻላል። «ማን ነው ያረሰው?» አልሁ። በለጥሻቸው ወደ ምድጃ ዞረች። አልታየች መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። እኔም ወጣሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እስከ ሠርክ ጸሎት ተቀመጥሁ። ያዘንሁት በእሷ ይሁን በራሴ እስካሁን አለየልኝም።

ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ስንዴው ታጭዶ ሲወቃ የደብራችን መሪጌታ ተረፈ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። «ሴት ካረሰችው ስንዴ ለቁርባን የሚሆን መገበሪያ አንቀበልም። ልጅቷ ንስሐ ትግባ፤ ቀኖና ስጧት» አሉኝ።

«በምን ኃጢአት?» አልኋቸው።

«በወንድ ሥራ ገብታ።»

«ወንዱን አምጡልኝና ሥራውን ትመልስለት» አልሁ። የመሪጌታ ልጅም ከዘመቱት አንዱ ነው። ተነሥተው ሄዱ። መገበሪያውን ግን በሚቀጥለው እሑድ ይዤ ስገባ የከለከለኝ አልነበረም። ያልተሳለሙኝ ጥቂት ሰዎች አሉ።

በኅዳር መጨረሻ የማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። አካሉ አራሽ የሌላቸውን ቤቶች ስም ያነብ ጀመር፤ የወርቂቱን አነበበ፣ የእኔንም አነበበ። ተነሣሁ።

«የእኔ ቤት አራሽ አለው» አልሁ።

«አባታችን፣ እርስዎ ዕድሜዎ ገፍቷል። ልጅዎ ግዳጅ ላይ ነው» አለኝ።

«አራሹ እኔም አይደለሁ፣ እሱም አይደለ። ልጄ አልታየች ናት።»

ከኋላ ሳቁ። አካሉ አልሳቀም። «በማኅበራችን ሴት አራሽ የሚባል የለም፣ አባታችን» አለኝ።

«ማሳው አለ። ሄደህ እየው» አልሁት። «መሬቱን ቀምተህ ለማን ልትሰጠው ነው? እዚህ የተቀመጠውን ሰው ተመልከት። በዕድሜ ከእኔ በታች የሆነ ወንድ ስንት ነው? የእህል ኮታው ሲመጣስ ከማን ልትሰፍር ነው?»

ያን ጊዜ ወርቂቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። «የእኔም ቤት አራሽ አለው። እኔ ነኝ» አለችና ተቀመጠች። ከሷ ቀጥላ አንዲት ሌላ ተነሣች፤ ያቺው በግንቦት በልጄ ላይ ጭቃ የወረወረችው ሴትዮ። ባሏን በመስከረም ወስደውባታል። እንደ ተነሣች ቆማ ቀረች።

አካሉ ወረቀቱን ደግሞ አየው። በመጨረሻ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ለዘንድሮ ባለበት ይቆይ» አለ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። ለከርሞ ምን እንደሚል አላውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልመለስ። በፊት ጽፈሽልኝ የከለከልሁሽን ራሴ አነሣለሁ። ትናንት ማሳ ዳር አልታየችን አስቀምጬ፣ «የዓለምዘርፍ ፋብሪካ ቦታ አለ ብላ ነበር። ካለ ዛሬም ትጠይቅልሽ። ሂጂ፤ ከእንግዲህ አልከለክልሽም» አልኋት።

«እኔ ስሄድ ይህን ማን ይይዘዋል?» አለችኝ።

«እኔ አለሁ።»

እጄን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ሲንቀጠቀጥ አየነው፣ ሁለታችንም። «እኔ እኮ አባባ፣ ፋብሪካውን ጠልቼ አይደለም» አለች። «ትልሙ አሁን ነው የተቃናልኝ።» ከዚያ ተነሥታ ሞፈሩን ተሸክማ ሄደች፤ ላግዝሽ ብላት ቀንበሩን ብቻ ሰጠችኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ኃላፊሽን አመስግኚልኝ፤ ቦታውንም ለሌላ ይስጠው። እጮኛዋ ከተመለሰ ይመለስ፤ ውበቱንም አምላክ ያምጣልን። አልታየችን ግን የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ሥራ አላት በዪው።

የሚቆጣሽም የሚባርክሽም አጎትሽ
ቄስ መልአኩ